የእህቴ አንገት ካሳ

እህቴን ያቃጠላት ጦርነቱ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አንገቷን ያየ ሁሉ «አይ ጦርነት!» እያለ ከንፈሩን ስለሚመጥ ነው። ያን ስሰማ ንድድ ይለኛል። ጦርነቱ የራሱ መች አነሰውና የሌላውን ይሸከማል? እህቴን ያቃጠላት ሰው ነው። መርሳ መናኸሪያ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በፈላ ዘይት። ያውም ስሟንም የእናቷንም ስም የሚያውቅ ሰው።

ታናሼ ናት። እኔ ወልድያ ተቀጥሬ ሳስተምር እሷ ከአባታችን ጋር መርሳ አጠገብ ቀረች፤ መናኸሪያው በር ላይ ሳምቡሳ ትጠብስ ነበር። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። ሹፌሩም ረዳቱም ተሳፋሪውም ሊበላ ይመጣና ተሰድቦ፣ ስቆ ይሄዳል። ያቃጠላት ልጅ እዚያው ተራ አስከባሪ ነበር። አባቱ የሀብሩ ገበሬ ናቸው፣ ጭምት ሰው፣ ቀና ብለው ሰው ተናግረው የማያውቁ። እሱ ግን በየማለዳው ይመጣል፣ ሳምቡሳውን ያነሳል፣ ይበላል፣ አፉን ጠርጎ ሳይከፍል ይሄዳል። አንድ ቀን እህቴ ሰለቻትና «አንተ፣ ሆድህን ለኔ ድረውታል እንዴ?» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሹፌሮቹማ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት አሉ። እሱ አልሳቀም። መጥበሻውን በጨርቅ ይዞ አነሳና ገለበጠባት።

እኔ አልነበርኩም። ያዩት ሲነግሩኝ ሳቁ ገና ሳያልቅ ነው ያደረገው አሉ። እህቴ ፊቷን በእጆቿ ጋርዳ አተረፈች፤ ከቀኝ ጆሮዋ ሥር ጀምሮ አንገቷ፣ ትከሻዋና ደረቷ ግን ነደደ።

ወልድያ ሆስፒታል ስትተኛ ያከማት ሐኪም ልጅ እግር ነበር፣ ነገር አይሸፋፍንም። ወደ ኮሪደር ጠራኝና «ቁስሉ ይድናል። የሚያሰጋኝ ቆዳው ነው» አለኝ። «ሲድን ይሸመቀቃል። አገጯን ወደ ደረቷ እየጎተተ ይወስደዋል። ሳይጠነክር አዲስ አበባ ወስዳችሁ ቀዶ ጥገና ካላሠራችሁላት፣ ዕድሜዋን አቀርቅራ ነው የምትኖረው።» ያቺ እህቴ፣ ያቺ መናኸሪያውን ሙሉ ቁልቁል እያየች የምትሰድብ ልጅ፣ አቀርቅራ! 

አዲስ አበባ ወስዶ ማሳከም ከየት መጥቶ? የኔ ደሞዝ እኔንም ከወር ወር አያደርሰኝም። የአባታችንን መሬት ደግሞ ሰው ያውቀዋል፣ ድንጋዩ ከአፈሩ ይበልጣል። ካሳ ያልነው ለዚያ ነው እንጂ ለበቀል አይደለም። እኔ እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለበቀልም ነበር።

ልጁ ተይዞ ወልድያ ታሰረ፣ ክስ ተመሠረተበት፣ የካሳ ጥያቄያችንም አብሮ ገባ። ከዚያማ ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። አንዴ ምስክር አልቀረበም ይሉናል፣ አንዴ የሐኪሙ ማስረጃ አልደረሰም ይሉናል። በየቀጠሮው እህቴን ከመርሳ አመጣታለሁ፣ በየቀጠሮው አገጯ ዝቅ ብሎ አየዋለሁ። ቁስሉ እየዳነ መሄዱ ነው የሚያስፈራኝ የነበረው። እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሰው ቁስል ሲድን እንደ መቁሰል የሚያስለቅስ?

ክረምት ገባ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እኔም እሷን ላስታምም መርሳ ወረድኩ። ያን ጊዜ ጦርነቱ ወደኛ እየመጣ ነበር። ከቆቦ በኩል ሰው በእግሩም በመኪናም ይጎርፋል፤ መንገዱ ሁሉ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ የታሰረ በግ። ከባዱ መሣሪያ ሲያጓራ መጀመሪያ ነጎድጓድ ነው እንል ነበር። በኋላ ነጎድጓዱም ሲመጣ እንደነግጥ ጀመር።

ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ይታረቅ ነበር። በድንበር የተጣላው፣ በውርስ የተኳረፈው፣ ዓመት ሙሉ ሰላም ያልተባባለው ጎረቤት፣ ሁሉም ሽማግሌ ይዞ ይሯሯጣል። ነገ ማን እንደሚቆም አይታወቅም። ቂም ይዞ መሞትን ሰው ሁሉ ፈራ።

ወደኛም መጡ። ጠዋት፣ ካፊያ እየጣለ፣ አጥሩ ጥግ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመው አየሁ። ፊት የቆሙት አንድ ሸህ ናቸው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ነገሩን የሚያቀርብላቸው ሰው። ከኋላቸው የልጁ አባት ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው አጎንብሰዋል። አባቴ በባዶ እግሩ እየሮጠ ወጣ። «ኧረ ግቡ! ኧረ በእግዜር፣ ዝናብ እየመታችሁ!» ይላል። አይገቡም። በኛ አገር ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ የተበዳዩን አፍ ሳይሰማ እደጅ ይቆማል እንጂ አይገባም፣ አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስ።

እኔ መቼም አፌን አልችልም፣ ወጣሁና ጮህኩባቸው። «ድንጋዩን ልጅዎ ይሸከም እንጂ እርስዎ ምን አደረጉ?»

አባትየው ቀና ሳይሉ «እኔ ነኝ የወለድኩት» አሉኝ። 

እህቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ሸሁ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገሯት። «ልጄ፣ የበደለሽ መጥቶ እግርሽ ላይ እንዳይወድቅ እስር ቤት ነው። አባቱ መጥተዋል። ነገ የማን እንደሆነች አላህ ነው የሚያውቃት። እንዲህ ሆነን ጦርነቱ አይድረስብን። አፉ በይን።» አፉ በይን ማለታቸው ይቅር በይን ነው። ወሎ ውስጥ ይህቺ ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣች አትመለስም።

 እኔ አፉ እንዳትል፣ እንዳትል እያልኩ በልቤ እለምናታለሁ። በመጨረሻ «መጀመሪያ ድንጋዩን ያውርዱላቸው፣ አንገታቸውን ይታመማሉ» አለች። አወረዱላቸው። «አፉ ብያለሁ» አለች።

ካሳው ያኔውኑ ተነገረ። የልጁ አባት የተቀመጠ ብር የላቸውም። ያላቸው ጥማድ በሬ ነው፣ አንዱ ቦራ፣ አንዱ ዳለቻ፣ ሻኛቸው የቆመ፣ ጎረቤት ሁሉ የሚቀናባቸው በሬዎች። በማግስቱ ራሳቸው እየነዱ አመጧቸው። «ከነዚህ ሌላ የለኝም። ሸጣችሁ አሳክሟት» አሉ። በሽማግሌ ፊት የሚሰጥ ካሳ በተጎዳው ሰው እጅ ነው የሚገባው፣ ኋላ «አልደረሰኝም» እንዳይባል። ገመዱን እህቴ በግራ እጇ ተቀበለች፤ ቀኟ ገና አይዘረጋም ነበር። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ እኛም አሜን አልን። ወረቀት አልተጻፈም። የፍርድ ቤቱን ነገር ሸሁ ራሳቸው ወልድያ ሄደው ሊያስረዱ ቃል ገቡ። አባትየው ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አየኋቸውና አሳዘኑኝ። ማዘኔ ደግሞ አናደደኝ።

በገበያው ቀን እኔና አባቴ በሬዎቹን ነድተን መርሳ ገበያ ወጣን። ወይ ጉድ! አገሩ ሁሉ ከብቱን ነድቶ ወጥቷል። ሰው ሊሸሽ ነው፣ ወደ ደሴ ሊሄድ ነው፣ ላም ተሸክሞ አይሄድም። ሻጩ እንደ አሸዋ ነው፣ ገዢው ጥቂት ነጋዴ። አንዱ ነጋዴ በሬዎቹን ዞር ዞር ብሎ አየና ዋጋ ጠራ። አባቴ የሰማው እውነት አልመሰለውም፣ ድገመው አለው። ደገመው።

«አባባ ሽጣቸው» አልኩት። «በሰጡህ ሽጣቸውና እንሂድ።»

«አብደሻል?» አለኝ አባቴ፣ እጁን የቦራው ሻኛ ላይ ጭኖ። «ይሄ በሬ እኮ ነው! ፍየል አይደለም። የልጄ አንገት ዋጋ ነው፣ በፍየል ዋጋ ልሸጠው?»

«ሌላው ቢቀር ለመንገዱ ይሆነናል፣ የቀረውን እበደራለሁ።»

«ለሚቀጥለው ገበያ ይረጋጋል» አለ። «እንዲህ ያለ ወሬ ስንቱን አይተናል።»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በሬ ያለዋጋው ሸጦ አያውቅም። ለሱ በሬ ማርከስ ነውር ነው፤ ያውም የሰው በሬ፣ ያውም ለካሳ የተሰጠ። ስንት ሌሊት አስቤዋለሁ፣ ልፈርድበት ሞክሬ አልቻልኩም። ማንም የመርሳ ገበሬ ቢሆን ያንኑ ነበር የሚያደርገው። ነጋዴው ትከሻውን ሰብቆ ወደ ሌላ በሬ ሄደ፣ እኛም ነድተን ተመለስን። የሚቀጥለው ገበያ ግን አልቆመም።

ታጣቂዎቹ ሲገቡ እኛ አልሸሸንም። እህቴ በዚያ ቁስል፣ በዚያ ዝናብ፣ ያን ሁሉ መንገድ አትችልም። አባቴ በሬዎቹን ማሽላው ውስጥ አስገብቶ አሰራቸው፣ ማሽላው ከሰው በላይ ቁመት ነበረው። እኔ በተራዬ፣ እሱ በተራው፣ ሣር እያጨድን በስርቆሽ እንደምንበላ ሰዎች ተደብቀን እናበላቸዋለን። አንድ ከሰዓት ዳለቻው ጓደኛው ራቀው መሰለኝ አጓራ። ምን ታደርገዋለህ? በሬ ነው፣ ዝም በል አይባል።

ድምፁን ሰምተው የመጡት ታጣቂዎች ወጣቶች ናቸው፣ የራባቸው፣ ጫማቸው የተቀዳደደ። አባቴ ጉልበታቸውን ይዞ ለመነ። «ለልጄ መታከሚያ ነው፣ የኔ አይደለም፣ የሷ ነው» ይላል። አንዱ ያፈረ መሰለኝ ፊቱን አዞረ። ሌላው ገመዱን ፈታ። እኔ ያቺ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባች እንጃ። የጠመንጃውን አፈሙዝ ብቻ አያለሁ። እዚያው ከአጥራችን ጀርባ አረዷቸው። ማታ ላይ ያ ያፈረው ልጅ አንድ ቁራጭ ሥጋ በቅጠል ጠቅልሎ በር ላይ አስቀምጦልን ሄደ።

አልበላንም ብል ደስ ይለኝ ነበር። በላን። ቤት ውስጥ ቆሎ እንኳን አልቀረም ነበር። አባቴ ብቻ አልቀመሰም፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ብዬ ልናገረው? መንገድ ዝግ፣ ስልክ ዝግ፣ ባንክ ዝግ። የሚቀባ መድኃኒት የለም፤ እሬት እየቆረጥኩ ውኃውን እቀባታለሁ። ሐኪሙ አንገቷን በየቀኑ ወደ ኋላ ሳብ እያደረጋችሁ አለማምዷት ብሎን ነበር። አገጯን በመዳፌ ይዤ ወደ ላይ እገፋለሁ፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ ታለቅሳለች፣ ቆዳው ይሰነጠቅና ይደማል፣ እኔም እተወዋለሁ። ስተወው ደግሞ ይሸመቀቃል። ብገፋው ደም፣ ብተወው ማቀርቀር! እግዚአብሔርን «አንተስ ምን ይሻልሃል?» ብዬ ጮኼበታለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ታጣቂዎቹ ሲወጡ አገጯ ደረቷ ላይ ደርሶ ነበር።

ሸሁ ስኳር ነበረባቸው። መድኃኒታቸው አለቀና ጦርነቱ ሳያልቅ እሳቸው አለፉ። ልጁ የታሰረበት እስር ቤት በግርግሩ ተከፍቶ ባዶውን ቀርቷል። ልጁ ሞተ የሚሉ አሉ፣ ጅቡቲ ገባ የሚሉም አሉ። ወልድያ ተመልሼ ትምህርት ቤቱ ብገባ ወንበርም የለ፣ ጥቁር ሰሌዳም የለ። ፍርድ ቤት ስጠይቅ መዝገባችሁ የለም፣ ካሳ የምትሉ ከሆነ እንደ አዲስ አመልክቱ አሉኝ።

እህቴን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ያኛው ልጅ እግር ሐኪም ተቀይሯል፤ ሌላው አንገቷን ዳስሶ «አሁንም ይቻላል» አለ። «ግን ከባድ ነው፣ ብትቆዩ ደግሞ የማይቻል ይሆናል።» ይቻላል ያላትን አንዲት ቃል ይዤ ስሮጥ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኩት። ልጁ መርሳ ዳር ላይ በስሙ የቆመች የቆርቆሮ ቤት እንዳለችው ስነግረው፣ እሷ በሐራጅ ተሸጣ ካሳ ትሆናለች አለኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ አየኝና «የበሬውን ነገር ግን እንዳታነሱት» አለ። «ምስክሩ ሞቷል፣ ወረቀት የለም። ተከፍሎናል ካላችሁ አለቀላችሁ።»

እሺ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ምን ነበረበት? በሬውን እኛ ሸጠን በላነው? ቆጥረን ባንክ አስገባነው?

አባቴ ነገሩን ሲሰማ «እኔ እዚያ አልቆምም» አለና ወደ እርሻው ሄደ። ለእህቴም ነገርኳት። አንገቷን ማቃናት እንደምትመኝ አውቃለሁ። ሰው ፊት ለፊቷ ቆሞ ሲያናግራት ጫማውን አይታ ነው ማን እንደሆነ የምትለየው። ሕፃናት ደግሞ ሥሯ ገብተው ወደ ላይ አንጋጠው ፊቷን ያዩና ይሮጣሉ።

«ካልጠየቁኝ አልናገርም፣ እትዬ» አለችኝ። «ካልጠየቁኝ።»

«ማን ይጠይቅሻል? ማንም አይጠይቅሽም» አልኳት።

የቀጠሮው ቀን በሚኒባስ ከመርሳ ወልድያ ሄድን። ሲሪንቃን ስናልፍ አንዲት ሴትዮ «ልጄ፣ እንቅልፍ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «አዎ እናቴ» አለቻት እህቴ። ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፣ መስኮቱ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ዳኛው ወጣት ነው፣ ፊቱ ላይ ድካም አለ፣ የተከመረ ወረቀት ከፊቱ። የከሰስነው ልጁን ነበር፤ የቀረቡት ግን አባቱ ናቸው። የገጠር ቤታቸው በጦርነቱ ተቃጥሎ፣ ከባለቤታቸው ጋር ያቺው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተጠግተው እንደሚኖሩ እዚያ ቆሜ ነው የሰማሁት። አላውቅም ነበር። ባውቅስ? የእህቴስ አንገት? እሳቸው ሜዳ ላይ ይውደቁ አላልኩም፣ እኛም ግን ወድቀናል!

«ካሳውን ከፍያለሁ ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው። «ጥማድ በሬዬን ሰጥቻለሁ።»

«ማስረጃ አለዎት?» አለ ዳኛው።

«ሸሁ ነበሩ።»

«የት ናቸው?»

«ሞተዋል።»

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ ሄዷል ይላሉ። የሌላው ያለበት አይታወቅም።»

«የተጻፈ ነገርስ?»

«አልተጻፈም ጌታዬ። አፉ ተባብለን ነው የተለያየነው።»

ዳኛው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አለቀ፣ ሆነልን ብዬ አዲስ አበባ የማርፍባት ዘመድ ቤት እንኳ ታሰበኝ።

«ታዲያ መስጠትዎን ማን ያውቅልዎታል?» አለ ዳኛው።

ሽማግሌው ወደኛ አልዞሩም። እጃቸውን ብቻ ወደ እህቴ ዘረጉ። «እሷ ታውቃለች» አሉ።

ዳኛው እህቴን እንድትነሳ ነገራት። ተነሳች። የነጠላዋን ጫፍ ያዝኩ፣ ጎተትኩ፣ በእግሬ እግሯን ነካሁ። በእናታችን ሞት፣ በእናታችን አጥንት እያልኩ በከንፈሬ እለምናታለሁ። እሷ እኔን ማየት አትችልም።

«በሬዎቹን ተቀብለሻል?» አላት።

አንድ ነገር ተናገረች። ድምፅዋ ደረቷ ውስጥ ቀረ።

«አይሰማም» አለ ዳኛው፣ ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። «ቀና ብለሽ ተናገሪ።»

ደግማ ተናገረች። አሁንም አልተሰማም።

«ፍርድ ቤት ፊት ነው የቆምሽው። ቀና በይ እንጂ!»

እህቴ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ገለጠች። «ቀና ማለት አልችልም ጌታዬ» አለች፣ አሁን ክፍሉ ሁሉ ሰማት። «የመጣሁትም ለሱ ነበር። በሬዎቹን ግን ተቀብያለሁ።»

ዳኛው አያት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ መልሶ አነሳውና ቃሏን መጻፍ ጀመረ።